ግማሽ የሚሏት ሐኪም

«ቆይ!» አለች ሐኪሟ።

ነርሱ መርፌውን ከቆዳው አጠገብ አቆመው። ክንዱ በጥጥ ተጠርጎ ረጥቧል፤ የአልኮሉ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። አልጋው ጫፍ ላይ የተቀመጠው ልብስ ሰፊ ዓይኑን እንደጨፈነ ነው። ሁለት እጆቹ የታሰሩት በራሱ ሜትር ነው፤ ከአንገቱ ወርዶ በማያውቀው፣ የሰው ወገብ በሚለካበት ቢጫ ጥብጣብ።

«ደግሞ ምን ሆነ?» አለ በሩን ተደግፎ የቆመው ታላቅ ወንድሙ። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ድምፁ ከሞተር በላይ መጮህ ለምዷል። «አሁን ራስዎ አዘዙ አይደል?»

«አዝዣለሁ።»

«ታዲያ?»

ሐኪሟ የምታየው የልብስ ሰፊውን እግር ነበር። ክንዱ አልተንቀሳቀሰም፤ ፊቱም አልተንቀሳቀሰም። ትንፋሹን ይዞ ሕመሙን የሚጠብቅ ሰው ነው። እግሮቹ ግን የሌላ ሰው ይመስል አንዱ ሲነሳ አንዱ ሲወድቅ የሲሚንቶውን ወለል ይረግጣሉ።

«አስቀምጠው» አለች ነርሱን።

ነርሱ መርፌውን ትሪው ላይ አኖረው። ግዙፍ ሰው ነው፤ ሲቀልድም ሲደነግጥም ፊቱ አይለወጥም። «ዶክተር፣ መርፌ እንኳ በግማሽ አይወጋም» አለ ቀስ ብሎ። ማንም አልሳቀም።

ከአውቶብስ መናኸሪያው ጀርባ ባለው በዚህ ክሊኒክ «ሐኪም ግማሽ» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት ፋርማሲስቱ ነው። ለአእምሮ ሕመምተኛ መድኃኒት ስትጀምር ከግማሽ ክኒን በላይ አታዝም፤ ክኒኑን በምላጭ የሚከፍለው ደግሞ እሱ ነው። «እኔ ፋርማሲስት ነኝ ወይስ ሽንኩርት ከታፊ?» እያለ በመስኮቱ ይጮህባታል። በቤቷም አልዳነችም፤ ልጇ ሾርባ በቀመሰች ቁጥር «እማዬ፣ ለጨዉም ግማሽ አዘሽለታል?» ትላታለች።

እሷ ግን አትሰማቸውም። በትንሹ ትጀምራለች፣ ትጠብቃለች፣ ሰውየውን ታየዋለች፣ ከዚያ ነው የምትጨምረው። ባንድ ቀን ሁለት ነገር አትለውጥም፤ ቢሻለውም ቢብሰውም የትኛው እንዳመጣው አይታወቅማ። ታካሚ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የሳልም ይሁን የራስ ምታት፣ በፌስታል ይዞ መምጣት አለበት። ፌስታሉን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግፋ አንድ በአንድ ታያለች።

ይህ ጠባይ በትምህርት ብቻ የመጣ አይደለም። ልጅ እያለች አብራቸው የምትኖር አክስት ነበረቻት፤ ዘፋኝ፣ ተሳዳቢ፣ ሳቂታ። ታመመች፤ ወሰዷት፤ ባንዴ ብዙ ሰጧት። ስትመለስ ግድግዳ እያየች የምትውል፣ ለሀጯን የማትጠርግ ሴት ሆና ነበር። አክስቷ ዝም አለች፤ ቤተሰቡም «ተሻላት» አለ።

ዛሬ ጠዋት ግን ሐኪሟ ከራሷ ሕግ ተንሸራታለች። ሹፌሩ ወንድሙን እየጎተተ ኮሪደሩ ላይ ሲገባ ተራ ጠባቂው ሁሉ ከአግዳሚው ተነሳ። «መቀስ ይዞ ቤቱን ሲዞር ነው ያገኘሁት!» ይላል። «መቀስ! እናታችን የአልጋ ቁራኛ ናት። እኔ ዛሬ መንገደኛ ነኝ፤ መኪናው ተጭኖ ቆሟል። ማን ላይ ጥዬው ልሂድ?» እህትየዋ ከኋላ ሆና ታለቅሳለች። ልብስ ሰፊው አይናገርም፤ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል። ሐኪሟ ጠየቀችው፤ ደግማ ጠየቀችው፤ አልመለሰላትም።

ባለፈው ሲመጣ «ምግቤ ይመረኛል፤ የሆነ ነገር ይጨምሩበታል» ብሏት ነበር። ያን ጊዜ ሕመሙ እየገፋ ነው ብላ ከግማሽ ወደ ሙሉ ክኒን አሳደገችው። አሁን ደግሞ መቀስ መጣ። በአፍ የሚወስደው አልያዘውም ማለት ነው ብላ መርፌውን አዘዘች።

መርፌው የአንድ ቀን መድኃኒት አይደለም። ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ ለሳምንታት ጥቂት በጥቂት ወደ ደም የሚገባ ነው። ለሚያስፈልገው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ስህተት ከሆነ ግን ክኒን ማቆም ይቻላል፤ ይህን ማቆም አይቻልም። አንዴ ከገባ የሚያወጣው የለም።

«ሜትሩን ፍታለት» አለች።

«አይፈታም!» ሹፌሩ ከበሩ ተላቀቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ ሰው እስኪገደል ነው የምትጠብቂው?»

«እርስዎ» ማለቱ ቀርቷል። ነርሱ በሁለቱ መካከል ገባ።

«ጋሼ» አለው፣ «እዚህ ቤት መጮህ የሚፈቀደው ለታካሚ ነው። እርስዎም ከፈለጉ ባዶ አልጋ አለን።»

ሹፌሩ ወደ በሩ ተመለሰ። ነርሱ ቋጠሮውን ፈታ። ሜትሩ ወለሉ ላይ ሳይወድቅ ልብስ ሰፊው ተነሳ፤ እህትየዋ ጮኸች። ማንንም አልነካም። ከአልጋው እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ አልጋው መራመድ ጀመረ። የመስኮቱ ሽቦ ጋ ሲደርስ ሳያርፍ ይዞራል።

ሐኪሟ ተነስታ አብራው ተራመደች። በዚያች ጠባብ ክፍል ሁለት ትልልቅ ሰዎች ጎን ለጎን ሲመላለሱ፣ ሌላ ቀን ቢሆን ያስቅ ነበር።

«ቁጭ ብትል ምን ትሆናለህ?»

«እቃጠላለሁ።»

«ምንህ ነው የሚቃጠለው?»

«እግሬ። ውስጡ። አጥንቴ ውስጥ ጉንዳን የገባ ነው የሚመስለኝ።»

«ተነስ፣ ተራመድ የሚልህ ድምፅ አለ?»

«የለም።» ዞረ። «ድምፆቹማ ከተዉኝ ቆዩ። እኔ መተኛት ነው የምፈልገው ዶክተር። እግሬ እንቢ አለኝ።»

«መቀሱስ?»

«የምን መቀስ?»

«ጠዋት የያዝከው።»

ትንሽ አሰበ። «ሱሪ እየቆረጥኩ ነበር። እግሬ አስነሳኝ፤ መቀሱን ማስቀመጥ ረሳሁ።» ከዚያ ወንድሙን ሳያይ፣ «ልብስ ሰፊ መቀስ ይይዛል። እሱ መሪ ሲጨብጥ ማን አሰረው?»

ነርሱ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ሐኪሟ አልሳቀችም። ሕመሙ ሲያስሮጠው ያየችው ሰው ብዙ ነው። እንዲያ ያለ ሰው ሩጫው የራሱ ነው፤ ምክንያት አለው፣ የሚሸሸው ነገር አለው። ይህ ግን ከገዛ እግሩ ጋር የተጣላ ሰው ነው። እንዲህ የሚያደርግ አንድ ነገር ታውቃለች፤ ራሱ መድኃኒቱ። ሲበዛ አንዳንዱን ሰው እግሩን ያስጨንቀዋል፤ ያላስተዋለ ሐኪም ሕመሙ ባሰ ብሎ ይጨምራል፤ በተጨመረ ቁጥር እግሩ ይብሳል። በእሳት ላይ ቤንዚን።

አንድ ነገር ግን አልገጠመላትም። እሷ ባዘዘችው መጠን እዚህ ይደርሳል ብላ ማመን ከበዳት። ስለዚህ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ተሳስታለች፤ ይህ ሕመሙ ነው፤ መርፌውን በመከልከሏ ዛሬ ማታ አንዲት የአልጋ ቁራኛና አንዲት ሴት ልጅ ከመቀስ ጋር ብቻቸውን ሊቀሩ ነው። ወይ ደግሞ ሰውየው እሷ ያላዘዘችው ነገር ይወስዳል።

«ፌስታሉስ?» አለች እህትየዋን።

እህትየዋ ከቦርሳዋ አወጣች። ውስጡ አንድ ብልቃጥ ብቻ ነው፤ የሐኪሟ ክኒን።

«ቤት ውስጥ ሌላ ምንም የለም?»

«የለም ዶክተር።»

«የእናትሽስ መድኃኒት?»

«እሱን... ረስቼው ነው።»

ሐኪሟ ወደ ልብስ ሰፊው ዞረች። «አንተስ ከሌላ ቦታ የምትወስደው አለ?»

«እኔ? እህቴ የምትሰጠኝን ነው የምውጠው። ከዚያ እንደ ሕፃን አፌን ከፍቼ አሳያታለሁ።»

የሹፌሩ ስልክ ጮኸ። አየውና አላነሳውም። «የመኪናው ባለቤት ነው» አለ። «ዶክተር፣ እለምንዎታለሁ።» ድምፁ ወርዶ ነበር፤ ከጩኸቱ ይልቅ ይህ ከበዳት። «እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ወንድሜ ነው፤ በእጄ ያሳደግኩት። ግን መንገድ ላይ ሆኜ ተደውሎ እንዲህ ሆነ ብባል ምን ይውጠኛል? ይውጉልኝ። እሱም ይተኛ፣ እኔም ልሂድ።»

ሁሉም ትሪውን አየ። መርፌው እንደተሞላ ነው።

ሐኪሟ ሌላ የምትጠይቀው አጣች። «ምግብ ትበላለህ?» አለችው፤ ማንም ሐኪም የሚጠይቀው ጥያቄ ነው።

«እበላለሁ። ብቻዬን።»

«ለምን ብቻህን?»

«እህቴ ከእኔ ጋር መብላት ትታለች።» እርምጃው አልቆመም። «ድሮ ከአንድ ሳህን ነበር የምንበላው። ሥጋውን በማንኪያዋ ወደ እኔ ትገፋዋለች፤ እኔ መልሼ ወደ እሷ። አሁን የእኔን ለብቻ ታስቀምጥና ትወጣለች። ወይ ትጸየፈኛለች፣ ወይ ትፈራኛለች። እብድ ነኝ፣ ምን ላድርግ?»

እህትየዋ ከጠዋት ጀምሮ ስታለቅስ ነበር። አሁን ድንገት ልቅሶዋ ቆመ። እንባዋን እንኳ አልጠረገችም።

ሐኪሟ ይህን አየች። «ሁላችሁም ውጡልኝ» አለች። «አንቺ ቅሪ።»

በሩ ተዘጋ። የልብስ ሰፊው ኮቴ ኮሪደሩ ላይ ይሰማል፤ የነርሱ ከባድ ጫማ ከጎኑ። እህትየዋ ወንድሟ በተነሳበት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ምግቡ ለምንድን ነው የሚመረው?»

እህትየዋ ወደ በሩ አየች።

«እኔ ፖሊስ አይደለሁም፤ ማንንም አልከስም። ያንን መርፌ ግን አሁን ወይ እወጋዋለሁ ወይ አልወጋውም። የምታውቂውን ደብቀሽኝ ብወጋው፣ የሚሆነውን አብረን ነው የምናየው።»

እህትየዋ የሻርፗን ጫፍ ጠመዘዘች፤ ፈታችው፤ እንደገና ጠመዘዘች። «የድሮው ሆስፒታል ክኒን ነው» አለች በመጨረሻ።

አምና ሲብስበት ትልቁ ሆስፒታል አስተኝተውት ነበር። ከወጣ በኋላ የሰጡትን ክኒን አልወስድም አለ፤ ይተፋዋል፣ ምንጣፍ ስር ይደብቀዋል። እሷ በማንኪያ ጀርባ እየፈጨች ሾርባው ውስጥ ጨመረችለት። ተሻለው። ከዚያ ወዲህ ካርዱን ይዛ እየሄደች ታወጣለታለች፤ ታካሚው የታለ ብሎ የጠየቃት የለም። ከእሱ ሳህን ብትበላ መድኃኒቱን እንደምትወስድ ስለምታውቅ አብራው መብላት ተወች። ወደዚህ ክሊኒክ ካመጡት በኋላም መፍጨቷን አላቆመችም። ወንድሟ ሹፌሩም አያውቅም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አይቆጡኝ ዶክተር።» ቀና አለች። «ግማሽ ብለው ሲያዙለት... ግማሽ ክኒን ለዚህ ሁሉ ጣጣ ምን ይሠራል ብዬ ነው። ቀልድ መሰለኝ። ያኛው ሙሉ ነው፤ የትልቅ ሆስፒታል ነው። የእርስዎን ግማሽ አላመንኩትም።»

ሐኪሟ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። ሴትዮዋን ወደዚህ የገፋት የሐኪሟ የራሷ ጥንቃቄ ነው። በግማሽ ለምን እንደምትጀምር ሁለት ቃል አላስረዳቻትም። አዘዘች፣ ፌስታል አምጡ አለች፣ ቀጣዩን ጠራች። ኮሪደሩ ሁልጊዜ ሙሉ ነው።

የባሰ ነገርም ነበር። ሰውየው ምግቤ ውስጥ የሆነ ነገር ይጨምራሉ ብሎ ነግሯታል። እውነቱን ነው። እውነቱን ስለተናገረ መድኃኒት ጨመረችበት።

«ትነግሪዋለሽ» አለች።

«አልችልም!» እህትየዋ ከአልጋው ብድግ አለች። «መርዝ ታበሉኛላችሁ እያለ ነው እኮ ያመመው! አሁን አዎ፣ ልክ ነህ ልበለው? ሁለተኛ ከእጄ ይበላል? እጁን ቢያነሳብኝስ?»

«ነርሱ አጠገብሽ ይቆማል። እኔም አለሁ።»

«ዝም ብዬ ባቆምስ? ከዛሬ ጀምሮ አልጨምርም። በእናቴ!»

«ዝም ብለሽ ብታቆሚ፣ ባላበደበት ነገር እብድ ተብሎ ይኖራል። በሚቀጥለው ወር ሌላ ነገር እውነቱን ሲነግረኝ ደግሞ አላምነውም።»

ጠሯቸው። ሐኪሟ ትሪውን አንስታ ከኋላዋ ያለው መደርደሪያ ላይ አደረገችው። ነርሱ ሳይነገረው ገባው፤ ከእህትየዋ ጎን ቆመ።

እህትየዋ አላሳመረችውም። ተፋችው። «ሾርባህ ውስጥ ክኒን እጨምር ነበር። ካምና ጀምሮ። እንዲሻልህ ብዬ ነው።»

ልብስ ሰፊው ፊቷ ቆመ፤ እግሮቹ ባሉበት ይረግጣሉ። እጁ ተነሳ። ሹፌሩ ዘለለ። ነርሱ በደረቱ አገደውና «ቆይ!» አለ፤ የሐኪሟን ቃል። እጁ ወደ እህቱ አልሄደም፤ ወደ ራሱ ጭንቅላት ሄደ። ፀጉሩን ጨብጦ ቆየ።

«ይመራል አላልኩም?» አለ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞረ። «ለእርስዎም ነግሬዎታለሁ።»

«ነግረኸኛል።»

«ታዲያ እብድ አልነበርኩም?»

«በዚህ ነገር አልነበርክም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«በሌላውስ?»

«በሌላው ታመህ ነበር። አሁንም ሊመለስብህ ይችላል።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ዋጋ እንደሚደራደር ደንበኛ ሳይሆን፣ ልኩን እንደሰማ ልብስ ሰፊ። ወደ እህቱ ተመለሰ። «ቢያንስ ጨው ብታበዢበት ምን ነበር?»

እህትየዋ ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣች።

«አልቀለድኩም» አለ።

ሐኪሟ የሚሆነውን ቆማ ነገረቻቸው፤ በዚህ ጊዜ ለሁሉም፣ ፊት ለፊት። የሾርባው ክኒን ይቆማል። እሷ ያዘዘችው እንዳለ ይቀጥላል። እግሩን የሚያበርድ ሌላ ክኒን ለጥቂት ጊዜ ይወስዳል። እዚሁ ይተኛል፤ ያዩታል። መድኃኒት ሲቀነስ ድምፆቹ ሊመለሱ ይችላሉ፤ ቢመለሱ ደግሞ ይጨመራል፤ ግን የሚወስደውን ሁሉ እያወቀ።

«ሁለት ነገር ባንድ ቀን ለወጡ» አለ ነርሱ።

«አንድ ተኩል ነው።»

«ቢብስበትስ?» አለ ሹፌሩ።

«ቢብስበት እዚህ ነው፤ አየዋለሁ።»

«እንደሚድን ቃል ይግቡልኝ።»

«አልገባም።»

«እርስዎ ምን ዓይነት ሐኪም ነዎት?»

«ግማሽ» አለ ነርሱ።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ሹፌሩ አላነሳውም፤ ጎንበስ ብሎ ሜትሩን ከወለሉ አነሳ። ምን እንደሚያደርገው አላወቀም። ጠቅልሎ ኪሱ ሊከተው ጀመረ፤ ተወው፤ መጥቶ የወንድሙ አንገት ላይ ጣል አደረገውና ወጣ። ጭነቱን ይዞ ሄደ።

መርፌው ተጣለ። ፋርማሲስቱ ዋጋው ስንት እንደሆነ እያሰላ ለሳምንት አለቀሰበት።

ሐኪሟ ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት አልወደደቻቸውም። ልብስ ሰፊው መጀመሪያ ኮሪደሩን ሲመላለስበት ዋለ፤ አግዳሚው ላይ የሚጠብቁ ሰዎች እግራቸውን መሰብሰብ ለመዱ። ሐኪሟ ሌላ ታካሚ እያዳመጠች በበሩ የሚያልፈውን ኮቴ ታዳምጣለች። ፈጥኖ እንደሆነ፣ ዘግይቶ እንደሆነ። መርፌውን ብወጋው ኖሮ ብላ ያሰበችበት ሰዓት አለ፤ ቤተሰቡ ሁሉ እንቅልፉን ይተኛ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኮቴው ጠፋ። ነርሱ በሩን ሳያንኳኳ ከፍቶ «ዶክተር፣ ይምጡ» አለ። ፊቱ እንደወትሮው ነው፤ ምንም አይነበብበትም። ታካሚዋን አቋርጣ ወጣች፤ ኮሪደሩን ለመሮጥ ጥቂት ነው የቀራት።

ልብስ ሰፊው አልጋው ላይ ተቀምጧል። የነርሱን ነጭ ጋውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ የተቀደደ ኪሱን በእጁ ይሰፋል። እግሮቹ ወለሉ ላይ ናቸው። አይንቀሳቀሱም።

«ይህን ለማሳየት ነው እንዲህ ያስደነገጥከኝ?» አለች ነርሱን።

«ምን ላድርግ? እኔም ደንግጬ ነው።»

ልብስ ሰፊው ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «መቀስ ከለከሉኝ እኮ» አለ።

ሐኪሟ ዛሬም በግማሽ ትጀምራለች፤ ፋርማሲስቱም ዛሬም ይሳደባል። የተለወጠው ትንሽ ነው። ለምን ግማሽ እንደሆነ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ትናገራለች። ፌስታሉን ከዘረገፈች በኋላም አንድ ጥያቄ አለቻት፤ ምግቡን የሚሠራለት ማን ነው? አብራችሁ ትበላላችሁ?

በዓመቱ ድምፆቹ ለልብስ ሰፊው አንድ ጊዜ ተመልሰዋል። ማንም ሳያመጣው ፌስታሉን ይዞ ራሱ መጣ፤ ግማሽ ክኒን ተጨመረለት።

ምግቡን እስከ ዛሬ ራሱ ነው የሚሠራው። እህቱ ከእሱ ሳህን ትበላለች።